ሦስት መብራት፣ ሦስት ሽማግሌ

«ሰው ገና ከአስፋልቱ ወርዶ ወደ እኛ ቅያስ ሲታጠፍ፣ አረማመዱን አይቼ ለምን እንደመጣ እነግርሻለሁ። አንድ ቀን ስቼ ከተገኘሁ ጸጉሬን ተላጭቼ ገዳም ነው የምገባው» አለች መቅደላ፣ የጌም ቤቱን የቆርቆሮ በር ግማሹን ከፍታ ደፉ ላይ ተቀምጣ። ከበሩ ጎን ሳምቡሳ የምትጠብሰው ጎረቤቷ ለይላ አልመለሰችላትም። ለይላ ዘይቷ እስኪግል ድረስ ከሰው ጋር አታወራም፤ አምስቱ ሊትር ሺህ ብር ከገባ ወዲህማ ዘይት ስትቀዳ ትንፋሿን ሁሉ ነው የምትይዘው። መቅደላ ደግሞ መልስ የምትጠብቅ ልጅ አይደለችም። አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው፤ ትምህርት ቤቱ በጦርነቱ ሲዘጋ ሲከፈት፣ ሲከፈት ሲዘጋ፣ እሷም ስምንተኛ ክፍልን ሳትጨርስ የእናቷ ጌም ቤት ሥራ አስኪያጅ ሆና ቀርታለች። «ይኸውልሽ፣ ያ ቡናማ ኮት የለበሰው ዞን ነው የሚሠራው። ፊርማ አልፎበታል፤ ያልቸኮለ ለመምሰል ነው እጁን ኪሱ የከተተው። ያቺኛዋ ደግሞ ባጃጅ ታስቆምና ዋጋ ጠይቃ በእግሯ ትሄዳለች።» ሴትዮዋ ባጃጅ አስቆመች፣ ጎንበስ ብላ አንድ ነገር ጠየቀች፣ ራሷን ነቅንቃ በእግሯ ሄደች። ለይላ ሳትወድ ሳቀች። «አየሽ?» አለች መቅደላ። «እነዚያን ሦስት ሽማግሎች ደግሞ ተያቸው። ኳስ ሊጫወቱ ነው የሚመጡት፤ ማሽኑ ተበላሽቷል በያቸው።»

ይህን ብላ አፏ እንደተከፈተ ቀረ። ከፊት የሚመጡት ጋሽ ግርማ ናቸው፣ የቅሬው ሰብሳቢ። ቅሬ ማለት ክርስቲያኑም ሙስሊሙም በሐዘን ጊዜ የሚረዳዳበት የሠፈሩ ማኅበር ነው፤ ሰው ሲሞት ድንኳን የሚያስተክሉትም መቃብር የሚያስቆፍሩትም እሳቸው ናቸው። ከጎናቸው ሼህ አብዱሰመድ መቁጠሪያቸውን በጣታቸው እየገፉ ይራመዳሉ። ከኋላ ነጭ ጥምጥማቸውን የጠመጠሙት መምሬ ይርጋ አሉ፣ የእናቷ የንስሐ አባት። ሦስቱም አይነጋገሩም። ሦስቱም መሬት መሬት እያዩ ነው። ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ተኩል ገና አልሆነም። በዚያ በሁለት ሺህ አሥራ አምስት ጥቅምት፣ ወልድያ ውስጥ፣ ሦስት ሽማግሌ ቄስ ጨምረው በማለዳ ዝም ብለው ሲመጡ ያየ ሰው የሚያስበው አንድ ነገር ብቻ ነው። መርዶ በጠዋት ነው የሚነገረው፣ ባለቤቱ ከቤት ሳይወጣ። በዚያ ሳምንት ብቻ በቅያሱ ሁለት ቤት እንዲህ ተሂዷል። አንዱ ቤት ሦስተኛ በር ላይ ነው፤ ድንኳኑ የተነሣው ትናንት ነው።

የመቅደላ ወንድም ናትናኤል ነሐሴ ላይ ጦርነቱ እንደገና ሲነሣ ሄዷል። ሃያ ዓመቱ ነው። መስከረም አምስት ቀን ደውሎ «ኔትወርክ ወደሌለበት ልንሄድ ነው። ለእማዬ እንዳትነግሪያት። ቆይ፣ ንገሪያት። እንደፈለግሽ አድርጊ» ብሎ እየሳቀ ዘጋ። ከዚያ ወዲህ ስድስት ሳምንት ሙሉ ድምፁ የለም። መቅደላ ሽማግሎቹ ወደ ሌላ በር እንዲታጠፉ በልቧ ለመነች፤ ወዲያውም የሌላ በር ማለት የማን በር እንደሆነ ገብቷት አፈረች። ሽማግሎቹ አልታጠፉም። ለይላ ማንኪያዋን ከዘይቱ አውጥታ ሳታራግፈው ያዘችው፤ ያ ሁሉ ዘይት በክንዷ ላይ ሲወርድ አልታወቃትም።

ቤቱ አንድ ክፍል ነው፤ መጋረጃ ለሁለት ከፍሎት ከኋላ ይተኛበታል፣ ከፊት ይሠራበታል። ከበሩ በስተግራ ወለሉ ላይ አራት ክብ ጠባሳ አለ፤ የፎቶ ኮፒ ማሽኑ ቆሞበት የነበረ ቦታ ነው። አምና ከተማው በተያዘ ጊዜ ማሽኑ በጋሪ ሄደ፣ ጠባሳው ቀረ። ግድግዳው ላይ ያሉትን ሁለት የጥይት ቀዳዳዎች መቅደላ የኳስ ተጫዋች ፎቶ ለጥፋባቸዋለች፤ አንደኛው ቀዳዳ ተጫዋቹ ግንባር ላይ ስለሚውል በጣት ከተነካ ይሰረጉዳል። ፊት ለፊት ቴሌቪዥኑ፣ ከሥሩ ደግሞ ዚራክሱ፣ ኳስ የሚያጫውተው የጌም ማሽን፣ በዳንቴል ተሸፍኖ ተቀምጧል። እናቷ ወርቅነሽ የአንገት ወርቋን ሸጣ «ገበያ ያለው ነገር ግዛልኝ» ብላ ታናሽ ወንድሟን ሞገስን አዲስ አበባ ላከችው። ሞገስ መርሳ ላይ ጋራዥ ያለው ሰው ነው፤ ሞተር እንጂ ጌም አያውቅም። «ከወጣ ሁለት ወር ያልሞላው፣ ሰው እየተሻማበት ያለ» ያሉትን ሁለት ዚራክስ ተሸክሞ መጣ። ለእንቁጣጣሽ ቤቱ ተከፈተ፤ አንድ ጨዋታ በአሥር ብር። ወረፋው ቅያሱ ድረስ ደረሰ፣ ለይላም ሊጥ አልበቃት አለ። በአሥራ ሁለተኛው ቀን አንደኛው ማሽን እንደ ወፍጮ አጓራ፣ ፊቱ ላይ ሦስት ቀይ መብራት ብልጭ ብልጭ አለበት፣ ከዚያ ጭጭ። ሁለተኛው በመስቀል ማግሥት ተከተለው። መቅደላ «ሙቀት ነው» ብላ ሁለተኛውን ውሃ የሞላ እንስራ አፍ ላይ አስቀመጠችው፤ በእንስራው ቅዝቃዜ አንድ ጨዋታ ተኩል ሄደ፣ ከዚያ ያው ሦስት መብራት።

ሞገስ አንደኛውን ማሽን ሊያሠራ ወሰደው። ወርቅነሽ ደግሞ በስልክ «አንተ ሰው አታሎህ ነው፣ ወይስ ከሻጩ ጋር ተካፍለህ? ዓይንህን እንዳላይ» አለችው። እሱ ስልኩን ዘጋ። ከዚያን ቀን ጀምሮ እህትና ወንድም አልተነጋገሩም። ስሙ ስልኳ ላይ ሲመጣ ወርቅነሽ ስልኩን በፊቱ ትደፋዋለች፤ ጥሪው እስኪያበቃ ስልኩ ጠረጴዛው ላይ እንደ ጢንዚዛ ይንጫጫል፤ ማንም አያነሣውም፣ ማንም ስለሱ አያወራም፤ ምሳ ይበላል።

ሽማግሎቹ ሲገቡ ወርቅነሽ ተጫዋቾቹ የሚቀመጡበት አግዳሚ ጫፍ ላይ ሰፌድ ታቅፋ ምስር ትለቅም ነበር። ቀና አለች፤ ሦስቱንም በየተራ አየች። ተነሥታ የመምሬን መስቀል ተሳለመች፣ ሰፌዱን ከአግዳሚው አንሥታ በአንድ እጇ ጠረግ ጠረግ አድርጋ «ተቀመጡ አባቶቼ፣ ተቀመጡ» አለችና ራሷ ዝቅተኛዋ በርጩማ ላይ ተቀመጠች። ሦስቱ ሽማግሎች እንደ ተጫዋቾች በአግዳሚው ላይ ተደርድረው ፊታቸውን ወደ ጠፋው ቴሌቪዥን አዞሩ። ጥቁሩ መስተዋት ውስጥ ሦስቱም ጥምጥምና ቆባቸው ሳይቀር ይታያሉ። ጋሽ ግርማ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እንግዲህ ወርቅዬ፣ ዛሬ በማለዳ የመጣንበት...»

«እግርዎስ ጋሽ ግርማ? ያ ቁርጥማት ተሻለዎት?» አለች ወርቅነሽ።

«እሱማ... ደህና ነው፣ ተመስገን። ብርዱ ነው እንጂ።» ጋሽ ግርማ እንደገና ትንፋሽ ሰበሰቡ። ወርቅነሽ ግን ወደ ሼህ አብዱሰመድ ዞራለች። የልጃቸው ኒካህ ግራና ላይ ለመቼ ተቆረጠ? ማሽላው በሐብሩ በኩል እንዴት ነው፣ ወፍ አልጨረሰውም? ጤፍስ፣ ትናንት ኩንታሉን ስድስት ሺህ ብለውኝ ደንግጬ ተመለስኩ፣ እውነት ስድስት ሺህ ነው? ሼሁ ሰው አክባሪ ስለሆኑ አንዱንም ጥያቄ ሳይመልሱ አላለፉም፤ ስለ ወፉም በዝርዝር ነገሯት። ከዚያ መምሬን ስለ ቤተ ክርስቲያኑ ቆርቆሮ ጠየቀች። ከዚያ ሐራ ላይ ቆሞ የቀረው ባቡር እውነት ሊጀምር ነው ወይ አለች፤ በሕይወቷ ስለ ባቡር ጠይቃ የማታውቅ ሴት። ጋሽ ግርማ አፋቸውን በከፈቱ ቁጥር አንድ ጥያቄ ይቀድማቸዋል። መቅደላ መጋረጃው ሥር ቆማ የእናቷን እጅ ታያለች። እጁ ይሠራል። ግን ምስሩን ወለሉ ላይ እየጣለ ጠጠሩን ነው ድስቱ ውስጥ የሚጨምረው። ያኔ መቅደላ ሁሉ ነገር ገባት። እናቷ አውቃዋለች። እስካልተነገረ ድረስ ናትናኤል አለ፤ ጤፍ ስድስት ሺህ ነው፣ ወፍ ማሽላ ይበላል፣ ናትናኤል አለ። ወርቅነሽ ግን የምትጠይቀው እያለቀባት ነው። «በርበሬስ?» አለች በመጨረሻ፣ ማንን እንደምትጠይቅ ሳትለይ።

መቅደላ ይህን መስማት አልቻለችም። «ውሃ ላምጣ» ብላ ጆግ ሳትይዝ ወጣች። ለይላ በቦታዋ የለችም፤ መጥበሻው ከእሳቱ ላይ ወርዶ መሬት ላይ ተቀምጧል። መቅደላ ወዴት እንደምትሄድ ሳታውቅ ወደ አስፋልቱ ሮጠች። ማንን ልትጠይቅ? ማንም ቢሆን፤ ብቻ እናቷ ሳትሰማ እሷ መጀመሪያ መስማት አለባት። ወፍጮ ቤቱ ማዕዘን ላይ ስትደርስ አጎቷን ሞገስን አየችው።

ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል። ያንን ሁልጊዜ ግሪስ ያለበትን ቱታ ትቶ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሷል፤ ዓይኑ ቀልቷል፣ ጺሙን አልተላጨም። ማጅራቱ ላይ በጋቢ የተሸፈነ አንድ ነገር ተሸክሞ በሁለት እጁ ይዞታል። ከመርሳ፣ በዚህ ሰዓት፣ ከእናቷ ጋር ሳይነጋገር አንድ ወር የቆየ ሰው፣ በጋቢ የተሸፈነ ዕቃ ይዞ። የሞተ ልጅ ሻንጣ በዘመድ እጅ እንደሚመጣ ከሦስተኛው በር ቤት አይታለች። ደረቱን በጡጫ መታችው። «ስጠኝ! የናቲን ዕቃ ስጠኝ! ለሷ እንዳታሳያት፣ ለኔ ስጠኝ!»

«የማንን ዕቃ?» አለ ሞገስ ወደ ኋላ እየሸሸ። ጋቢው ተንሸራተተ። ከሥሩ ጥቁሩ ዚራክስ ብቅ አለ፤ ገመዱ ትከሻው ላይ እንደ ጅራት ተንጠልጥሏል።

«ምንድን ነው ይኼ?»

«ዚራክሱ ነዋ። ድንጋይ ተሸክሜ እግሯ ሥር ልውደቅ ብዬ ነበር። ኋላ ሳስበው ከዚህ የባሰ ምን ድንጋይ አለ አልኩና...» ፊቷን አይቶ አቋረጠ። «ናቲ ምን ሆነ?»

«እኔን ትጠይቀኛለህ? አንተ ንገረኝ እንጂ!»

«እኔ ምን አውቄ! ምን ሰማችሁ? መቅዲ፣ ምን ሰማችሁ?» የሞገስ ፊት አመድ መሰለ፤ ማሽኑ ከማጅራቱ ሊወድቅ ሲል በክርኑ ያዘው። ለጥቂት ጊዜ ሁለቱም እየተያዩ አንዱ ሌላውን አስደነገጠ፤ እሷ ከሱ ልትሰማ፣ እሱ ከሷ። በመጨረሻ ነገሩ በቁርጥራጭ ወጣ። ሽማግሎቹን የላካቸው ሞገስ ነው። አስታርቁኝ ብሎ። ከትናንት ማታ ጀምሮ ጋሽ ግርማ ቤት ነው ያደረው። ሽማግሎቹ ነገሩን ጨርሰው ሲጠሩት እንዲገባ እዚህ ቁም ብለውታል። ስለ ናትናኤል ማንም ምንም አልሰማም። መቅደላ ወፍጮ ቤቱ ደጃፍ ዱቄት ላይ ዘጭ ብላ ተቀመጠች።

«ጋሼ» አለች፣ ድምፅዋ ተመልሶ ሲመጣላት። «ሦስት ሽማግሌ፣ በዚህ ጠዋት፣ ከንስሐ አባቷ ጋር ነው ለማሽን የላክኸው?»

«ለሌላ ነገር ከቤት ሳትወጣ እንያዛት አሉ። መምሬን የጨመርኩት እኔ ነኝ። እሳቸውን እንቢ አትልም ብዬ...» አለ ሞገስ። ከዚያ ነፃ በሆነው እጁ ግንባሩን መታ። የመኪና ሞተር ድምፁን ሰምቶ ምን እንደጎደለው የሚናገር ሰው ነው፤ ይህ ግን እስካሁን አልታየውም። ጋሽ ግርማም ሼሁም መምሬም አልታያቸውም። ለመርዶ መሄድ እንደ ዕለት ሥራ ስለሆነባቸው፣ ለሌላ ነገር ሲሄዱም አረማመዳቸው ያው መሆኑን ማንም አልነገራቸውም።

ከቤቱ በኩል የለይላ ጩኸት ተሰማ። ከዚያ ሁለተኛ ድምፅ፣ ከዚያ ብዙ። መቅደላ ተነሥታ ሮጠች፣ ሞገስም ማሽኑን እንደተሸከመ ከኋላዋ። ቅያሱ በአንድ አፍታ በሰው ሞልቷል። ሴቶች ነጠላቸውን እያዘቀዘቁ ከየበሩ ይወጣሉ። ሁለት ሰዎች የቅሬውን የድንኳን ብረት ተሸክመው መጥተዋል፤ አንደኛው መዶሻም ይዟል። «ማሽን ነው!» ብላ ጮኸች መቅደላ። አንዲት ሴትዮ ይዛ ደረቷ ላይ ደፈቀቻት። «አይዞሽ ልጄ፣ አልቅሺ፣ ይውጣልሽ።» «ማሽን ነው እኮ፣ ማሽን ነው የሞተው!» «አይ ልጄ፣ እሷም ቀባጠረች» አለች ሌላዋ፣ ልቅሶውም ባሰ። መቅደላ ከአንዲቷ እቅፍ ወጥታ ሌላዋ እቅፍ ውስጥ ገባች፤ ሦስተኛዋ ጸጉሯን ልትፈታላት ጀመረች። በመጨረሻ እንደ ፍየል በእግሮች መካከል ሾልካ በሩ ላይ ደረሰች። ሞገስን ግን ሕዝቡ አሳለፈው፤ ሁሉም ማጅራቱ ላይ ያለውን ነገር እንደ መቅደላ ነው የገመተው፣ መንገድ ከፈተለት።

ክፍሉ ውስጥ ወርቅነሽ ቆማለች። የውጭው ልቅሶ ጥያቄዋን ሁሉ አስጥሏታል። ሰፌዱ ወለሉ ላይ ተገልብጧል። ጋሽ ግርማም ቆመዋል፤ በጣም የደነገጡት ግን እሳቸው ናቸው። «ማነው የሞተው?» ይላሉ በመስኮት እያዩ። «በኔ ቅሬ ማን ሞቶ ነው እኔ ሳልሰማ ድንኳን የሚተከለው?»

ወርቅነሽ አየቻቸው። «እናንተ ልትነግሩኝ አይደለም እንዴ የመጣችሁ?» አለች፣ በጣም ቀስ ብላ።

ይህን ስትል ሞገስ በሩን በጉልበቱ ገፍቶ ገባና እግሯ ሥር በግንባሩ ተደፋ፤ ዚራክሱ ማጅራቱ ላይ እንዳለ። «ማሽኑ ነው እማ» አለች መቅደላ እያለከለከች። «ስለ ናቲ ምንም የለም። ማንም ምንም አልሰማም። ለማሽኑ ነው የመጡት። ሊያስታርቁ ነው።» የመምሬ መቋሚያ ከአግዳሚው ተንሸራትቶ ወደቀ። ሼህ አብዱሰመድ «ላኢላሃ ኢለላህ» ብለው ፊታቸውን በሁለት እጃቸው ሸፈኑ፤ አሁን ገብቷቸዋል። «አፉ በይን ልጄ» አሉ። «ለሱ አይደለም። እኛን ነው አፉ የምትይን።»

ወርቅነሽ ጎንበስ አለች። ማሽኑን ከወንድሟ ማጅራት በሁለት እጇ አንሥታ ወለሉ ላይ፣ ጠባሳዎቹ መካከል አስቀመጠችው። ከዚያ ሞገስን ጀርባው ላይ በጡጫዋ አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ መታችው፤ ሦስተኛው ላይ እጇ ሳይነሣ እዚያው ቀረና ሸሚዙን ጨምድዳ ይዛ እላዩ ላይ ወደቀች። «ይሙት!» አለች አፏን ጀርባው ላይ እንደደፋች። «ማሽኑ ይሙት! ሁለቱም ይሙቱ! ክፉውን ይዘውለት ይሂዱ!» ሞገስ አለቀሰ። ጋሽ ግርማ ሌሊቱን ሙሉ ያዘጋጁት የዕርቅ ንግግር ነበራቸው፤ ከመግቢያው አንዲት ቃል ሳይናገሩ ነገሩ አለቀ። ትንሽ ቅር ያላቸው መሰሉ። ግን ወዲያው መዶሻው ውጭ ሲመታ ሰምተው «ኧረ አንተ ሰውዬ፣ ንቀል!» እያሉ ወጡ።

ውጭ ያለውን ሰው ማሳመን ጊዜ ወሰደ። ግማሹ እልል አለ፤ በዚያው በሚያለቅስበት ጉሮሮ። ግማሹ ለይላን ይረግም ጀመር፤ ለይላ ደግሞ «እናንተ ብታዩ ምን ታደርጉ ነበር? ቄስ ጨምረው!» እያለች በዘይት በተቃጠለ ክንዷ ታስፈራራቸዋለች። አማከለች የምትባል ጎረቤት ግን ልቅሶዋን ማቆም አልቻለችም። የሷም ልጅ እዚያው ነው፤ አንዴ ከጀመረች ለራሷ ነው የምታለቅሰው። ወርቅነሽ ወጥታ አቅፋ አስገባቻትና አግዳሚው ላይ፣ በሼሁና በመምሬ መካከል አስቀመጠቻት፤ እዚያ ሆና እያለቀሰች ቀስ በቀስ በረደላት። ሌላውም ሰው ከመጣ አይቀር ብሎ ገባ። ለይላ እሳቷን አነደደች፤ የዚያን ቀን ሳምቡሳ ለማንም አልሸጠችም፣ ዝም ብላ በሰፌድ አስገባች። ለቅሶ ሊደርስ የመጣው ሁሉ ቆሞ ሳምቡሳ እየበላ ዚራክሱን ያያል፤ አንዳንዱ በጫማው ጫፍ ይነካዋል።

«እንግዲህ ምን ሆኖ ነው ይኼ?» አሉ ሼህ አብዱሰመድ፤ ሰው ሁሉ ሊጠይቀው የፈለገውን ጥያቄ። ሞገስ አፍንጫውን ጠርጎ ተነሣ፤ ስለ ማሽን ሲጠየቅ ወዲያው ሌላ ሰው ይሆናል። ደሴ ድረስ ወስዶት ነበር። እዚያ ያለው ጠጋኝ ሆዱን ከፍቶ አሳየው፤ ውስጥ ያለው ቆርቆሮ ብየዳ ሙቀት አይችልም፤ ሲግል ይላቀቃል፣ ሲበርድ መልሶ ይነካካል፣ ከዚያ ጨርሶ ይለቃል። ማራገቢያውም ለዚያ ሙቀት ትንሽ ነው። ፋብሪካው ያውቅ ነበር አሉ፤ ግን ሌላው ፋብሪካ የሱን ሳያወጣ እኔ ልቅደም ብሎ ሳይፈትን አወጣው። ውጭ አገር ያለው ሰው ይመልሳል፣ አዲስ ይሰጡታል። «እኛ ለማን እንመልስ? የሸጠልኝ ሰውዬ ስልኩን አያነሣም።»

«ሳይፈትኑ» አለች ወርቅነሽ። ወለሉ ላይ ተንበርክካ የተበተነውን ምስር ትለቅማለች። «የኔንስ ልጅ በሃያ ቀን አይደል ያሰለጠኑት? ሃያ ቀን! ዶሮ እንኳ አትፈለፍልም።» አማከለች ራሷን ነቀነቀች። ወርቅነሽም ከዚያ በላይ አልገፋችበትም። «ይሁን። እሱ ይምጣልኝ እንጂ ፎቶ ኮፒውንም ዚራክሱንም አልፈልግም። ሞገስ፣ ነገ ናና ቆጥ ሥራልኝ፤ እኔ ዶሮ አረባለሁ። ዶሮ መታመሙን ለማስታወቅ ቀይ መብራት አይፈልግም።» ሰው ሁሉ ሳቀ፤ ያን ያህል የሚያስቅ ነገር ሆኖ ሳይሆን፣ ከጠዋት ጀምሮ የታመቀ ትንፋሽ ስለነበረ ነው።

«እስኪ አብሩት» አሉ መምሬ ይርጋ፣ ጢማቸውን እያሻሹ። «ለዚህ ሁሉ ያበቃንን ነገር ሳላየው አልሄድም።» ሞገስ ዚራክሱን ቴሌቪዥኑ ላይ ሰካው። አጓራ። ቴሌቪዥኑ በራና አረንጓዴ ሜዳ መጣ፤ ሃያ ሁለት ተጫዋች፣ ሕዝብ የሞላው ስታዲየም፣ ጭብጨባ። መምሬ ወደ ፊት አዘነበሉ። አንዱ ልጅ ኳሷን ይዞ መሐሉን ሰንጥቆ ወጣ፣ ሁለት ሰው አታለለ፣ ሊመታ እግሩን አነሣ፤ እግሩ በአየር ላይ እንዳለ ሁሉ ነገር ደርቆ ቀረ። ሦስት ቀይ መብራት። ጥቁር። ክፍሉ በሙሉ «ዋይ!» አለ፤ በዚህ ቤት በዚያ ቀን በእውነት የታዘነለት ሟች ያ ኳስ ብቻ ነው። «ይገባ ነበር» አሉ መምሬ በቁጭት። «አይገባም፣ በረኛው ቦታውን ይዟል» አሉ ሼህ አብዱሰመድ። ሁለቱ በዚህ ሲከራከሩ ጋሽ ግርማ መጥተው ተጨመሩ፤ ዕርቅ ያልፈለገ ጠብ እንዲህ አግዳሚው ላይ ተጀመረ።

መቅደላ በዚህ መሐል በርጩማው ላይ ወጥታ ቆማለች። ሰው የከበባት እንደሆነ አፏ አይቻልም። ጸጉሯ ግማሹ ተፈትቷል፣ ቀሚሷ ከኋላ በኩል ዱቄት በዱቄት ሆኗል። «እኔማ» አለች፣ ሁሉም እንዲሰማት ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፣ «እኔማ ናቲ ምንም እንዳልሆነ ገና ሲገቡ ነው ያወቅሁት። ሰው ሁሉ ሲያብድ ራሴን ይዤ ነገሩን ላጣራ የወጣሁት እኔ ብቻ ነኝ። ጋሼን ያገኘሁት እኔ፤ ድንኳኑን ያስነቀልኩት እኔ። ለይላ ጮኸች፣ ጋሼ ተደፋ፣ እማዬ እንኳ ወደቀች። እኔ ግን፣ በመድኃኔ ዓለም፣ አንዲት ዘለላ እንባ አላወጣሁም። ድንጋጤ የሚባል ነገር እኔ ደም ውስጥ የለም!»

ወርቅነሽ የለቀመችውን ምስር ድስቱ ውስጥ ጨምራ ቀና አለች። ልጇን ከእግር እስከ ራሷ አየቻት።

«ንፍጥሽን ጥረጊ» አለቻት።